ቀንዳሙ ሰውዬ ማንን ይጠብቃል?

አጥፊ የሚያጠፋው ማጥፋት ስለሚወድ ነው ይባላል። አይደለም። ማጥፋት አድካሚ ሥራ ነው። ቤት አፍርሶ የሚያውቅ ሰው ይነግራችኋል፤ አቧራ አለው፣ የዛገ ምስማር አለው፣ ማታ ላይ የሚነሣ የወገብ ሕመም አለው። ይህን ሁሉ ወዶ የሚሠራ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ይህን ሐሳብ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ብዙ አነባለሁ፤ ያነበብኩት ሁሉ የነገረኝ ግን ተቃራኒውን ነው። ያገኘሁት ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ በግንቦት ልደታ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ የእህቴ ልጅ ሲጫወተው ከነበረ የቪዲዮ ጌም ነው። ጌም ወጣቱን ያደነዝዛል የሚሉ ሰዎች በዚህ ቢናደዱ ደስ ይለኛል።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ሃምሳን ተሻግሬአለሁ፤ ሚስት የለኝም፤ ለጋዜጣና ለመጽሔት መጣጥፍ እጽፋለሁ። ዘመዶቼ «ሙሉቀን የሚቃወመው ነገር ካላገኘ ምሳ አይወርድለትም» ይላሉ። በዚያ ሰሞን «ክፋት ምክንያት አያስፈልገውም» የሚል መጣጥፍ ጀምሬ ነበር። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር። ምሳሌ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ ታላቅ ወንድሜ አስማማው ነበረልኝ።

አስማማው ገበሬ ነው። የሚኖረው ደብረ ኤልያስ አጠገብ፣ ከአባታችን ቤት አንድ ማሳ ተሻግሮ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤቱ ባዶውን ቆሟል፤ የሦስታችንም ነው፤ የአስማማው፣ የእህቴ የጥሩወርቅና የእኔ። የሙት ዓመቱ ተዝካር በወጣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከአስማማው መልእክት መጣ፤ ገበያ የመጣ ሰው ነው ያደረሰን። «ቤቱን አፈርሰዋለሁ» ይላል። ምክንያት የለውም። ዝም አልን። ቆይቶ በሚኒባስ ሾፌር ሌላ ላከ፤ ያው ቃል። አሁንም ዝም አልን። ሦስተኛው ሲመጣ ቀን ቆርጦ ነበር። «የግንቦት ልደታ በዋለች በማግስቱ፣ ከጠዋት ጀምሬ አፈርሰዋለሁ። እወቁት።»

ጥሩወርቅ ከእኔ ትበልጣለች፤ ትዕግሥት ግን ከእኔም ያንሳታል። ደብረ ኤልያስ ፖሊስ ዘንድ ሄዳ አመለከተች። በቀጠሮው ቀን ፖሊሶች ሊመጡ፣ ወንድማችን ቆርቆሮ ሲነቅል ከተገኘ ሊይዙት ተስማሙ። ነገሩ ይህ ነበር፤ ወይ አባቴ ተወልዶ ያደገበት፣ የሞተበትም ቤት ይፈርሳል፣ ወይ ስልሳ ዓመት የሞላው ወንድሜ በገዛ አገሩ ሰው ፊት በካቴና ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በአንድ ቀብር ላይ እንኳ አብረን እንደማንቆም ሦስታችንም እናውቀው ነበር።

በልደታ ዕለት እህቴ ቤት ተሰበሰብን። ንፍሮው ደጅ ተበልቶ ሰማዩ ሲዳምን ወደ ውስጥ ገባን። የፊት ለፊቱን ክፍል ልጇ ናሆም ጌም ቤት አድርጎታል፤ ዲግሪ አለው፣ ሥራ የለውም፣ ክፍሉ አለው። ለበዓሉ ደንበኛ ስለሌለ ብቻውን ይጫወታል። እኔና መሪጌታ ጥበቡ ከኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መሪጌታ የእህቴ ጎረቤት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ሲተረጉሙ የኖሩ። የጠራናቸው በማግስቱ ምስክር ሆነው እንዲሄዱልን ነው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም።

«ይሄ ቀንዳም ማነው?» አሉ።

«መጨረሻ ላይ የምገጥመው ነው፣ የኔታ። ከተማዋን ሊያቃጥል ነው።»

«ስለምን?»

ናሆም ትከሻውን ሰበቀ። «ክፉ ስለሆነ።»

«እሱማ ስሙ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ምክንያቱን።»

ናሆም ጨዋታውን አቁሞ ዞረ። የሚያውቀውን ተናገረ። ቀንዳሙ ድሮ ሰው ነበር። የከተማዋን ቅጥር የሠራ እሱ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ተነሥቶ ተራራ ላይ ወጣ፤ ሲመለስ ቀንድ አብቅሎ፣ ችቦ ይዞ ተመለሰ። ጨረቃ ደም በመሰለች ቀን ከተማዋን አመድ አደርጋታለሁ ብሎ አዋጅ አስነገረ። ለምን እንደሆነ ጌሙ አይናገርም።

«አይናገርም? እንግዲያው ለኛ ተወው» አሉ መሪጌታ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው አንድ ምክንያት አይበቃውም፤ «አንድም» እያለ ይደረድራል። «የሠራት እሱ ነውና ላፈርሳትም መብቱ የኔ ነው ብሎ። አንድም፣ ሠርቶ ሲጨርስ ሥራውን አይቶ ስሙን የሚጠራለት ጠፍቶ። አንድም፣ በቀንዱ ሰው ስቆበት።»

«ቀንዱን ያወጣው እኮ በኋላ ነው!»

«ሲስቁበት ጊዜ አብቅሎት ይሆናል። አንተ እዚያ ነበርህ?»

ናሆም ሳቀ። እኔ አልቻልኩም። መጣጥፌ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ባጠገቤ ሲሳሳት ዝም ማለት አልለመድኩም።

«መሪጌታ፣ አንዱም አያስፈልግም። ክፋት ምክንያት የለውም። ምክንያት የምንፈልግለት እኛ ነን፤ እንቅልፍ እንዲወስደን።»

«ጽፈኸዋል?»

«እየጻፍኩት ነው።»

«አዬ፣ በል እንግዲህ እንዳይቆረጥብህ እንጠንቀቅ።»

ጥሩወርቅ ጠላ ይዛ ገብታ ሰማችን። «ደራሲው ልክ ነው፤ ዛሬ እንኳ አንድ ቀን» አለች። «አስማማው ምን ምክንያት አለው? ምን አጣ? መሬቱን እሱ ነው የሚያርሰው። ክፉ ነው፣ አለቀ።»

መሪጌታ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠቆሙ። ቀንዳሙ ግንብ አናት ላይ ችቦውን ይዞ ቆሟል፤ ከኋላው ትልቅ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«ናሆም፣ ያቃጥላል አላልህም? ምን ቆሞ ያያል?»

«እስክደርስበት ነው።»

«ካልደረስህበትስ?»

«ካልደረስኩበት አያቃጥልም።» ናሆም ይህን ሲናገር ራሱም ትንሽ የገረመው መሰለኝ። «ሁዳዴን ሙሉ አልሄድኩበትም፣ የኔታ። ዓሣ ሳጠምድ፣ ፈረስ ሳሠለጥን፣ ስነግድ ነው የከረምኩ። ተመልሼ ሳየው እዚያው ቆሟል። ጨረቃዋም እኔ ካልሄድኩ አትቀላም።»

«በሩስ?»

«ክፍት ነው። ሁልጊዜም ክፍት ነው።»

መሪጌታ ጠላውን አስቀመጡ። «ታዲያ ይሄ ሰውዬ ሽማግሌ እየጠበቀ ነዋ።»

ሁላችንም ሳቅን፤ ጥሩወርቅ እንኳ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሳቁ። ለማጥፋት የቆረጠ ሰው አዋጅ ያስነግራል? ቀን ይቀጥራል? በር ከፍቶ ይቆማል? ለማጥፋት የቆረጠማ ሌሊት መጥቶ ክብሪት ይጭራል፤ ጠዋት አመዱን ታያለህ። ይሄ ግን ኑ እያለ ነው። እናንተም ሄዳችሁ። ግን ምን ይዛችሁ ሄዳችሁ? ሰይፍ። አንድ ‘ምን አስቀየመህ’ የሚል ሰው አገር ሙሉ ጠፋ?»

«እንዲህ የሚል ቁልፍ የለውማ» አለ ናሆም፤ መጫወቻውን አንሥቶ አሳያቸው። «ይሄ መምታት ነው። ይሄ መዝለል። ይሄ መከላከል። ይሄ መሸሽ።»

«በል እንግዲህ ምን ይሁን» አሉ መሪጌታ።

እኔ ማስረዳት ጀመርኩ። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ተጫዋቹ እንዳይቸኩል ብለው ነው አልኩ፤ ቀንዳሙ የሚጠብቀው ትእዛዝ ተጽፎለት እንጂ ልብ ኖሮት አይደለም አልኩ። ልክ ነበርኩ። ዛሬም ልክ ነኝ። ይህንኑ እየተናገርኩ ሳለሁ ግን አንድ ነገር ምላሴን ያዘው። ዝም ስል ናሆም ዞሮ አየኝ፤ ዝም ስል አይቶኝ አያውቅም።

«እታለም» አልኳት እህቴን፣ «አስማማው ለምን ሦስት ጊዜ ላከብን?»

«ሊያናድደን።»

«ቀኑንስ ለምን ነገረን? የቤቱ ቁልፍ ያለው እሱ ጋር ነው። እኛ ሳናውቅ በአንድ ቀን አፍርሶት ቆርቆሮውን ገበያ ቢያወጣው ማን ይከለክለው ነበር?»

ጥሩወርቅ ዓይኗ ጠበበ። «አንተ አሁን ወንድምህን ከዚህ ጭራቅ ጋር ልታመሳስል ነው?»

«ያመሳሰልሽው አንቺ ነሽ። ክፉ ነው፣ አለቀ ብለሽ።»

ክርክሩ ረጅም ነበር። የእሷ ፍርሃት መሠረት ነበረው። ፖሊሱን አስቀርተን ለልመና ሄደን አስማማው እምቢ ቢል፣ እኛ ስንለማመጥ እሱ ቤቱን ጨርሶ ያወርደዋል። በመጨረሻ የተስማማነው ግማሽ በግማሽ ነው፤ ፖሊሶቹ አልተከለከሉም፣ እኛ ግን በመጀመሪያው መኪና ቀድመናቸው እንሄዳለን። «እኔ አልለምነውም» አለች ጥሩወርቅ። «ቤቴን ላይ ነው የምሄድ።»

በማግስቱ መንገዱ ክፍት ነበር፤ በዚያ ሰሞን ይህም አንድ ዜና ነው። ሚኒባሱ ውስጥ ጥሩወርቅ መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች። መሪጌታ ጃንጥላቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው አሸለቡ። እኔ እንደ ልማዴ ያልተሳካ እንደሆነ ምን ብዬ እንደምጽፈው እያሰብኩ ነበር።

ከዋናው መንገድ ወርደን በእግር ስንሄድ ድምፁን ሰማነው። ምስማር ከቆርቆሮ ሲነቀል የሚያሰማው ጩኸት ጥርስ ያነዝራል። ጥሩወርቅ መሮጥ ጀመረች። መሪጌታ በጃንጥላቸው አስቆሟት።

«ቀስ። ሮጦ የሚደርስ ጠበኛ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ድንጋይ አንሣ።»

«እኔ ያጠፋሁት የለም፣ መሪጌታ።»

«ጥፋትህን አልጠየቅሁህም። ድንጋይ ነው ያልኩህ።»

በአገራችን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ የተቀየመው «አውርድ» እስኪለው ድረስ ጎንበስ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ልማድ ሁለት መጣጥፍ ጽፌአለሁ፤ አንዱ የሚያሞግስ፣ ሌላው የሚተች። ተሸክሜው ግን አላውቅም ነበር። አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጬ አነሣሁ፤ መሪጌታ አይተውት «ይሄ የሞሰብ ክዳን ነው እንዴ?» ብለው ሌላ አስመረጡኝ።

አስማማው ጣራው ላይ ነበር፤ ፊቱን ወደ መጣንበት አድርጎ ተቀምጧል። ግማሹን ቆርቆሮ አንሥቶታል። ጎንበስ ብዬ ስለነበር ከሰው ሁሉ በፊት መሬቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ያነሣቸው ቆርቆሮዎች ባሕር ዛፍ ግንድ ላይ በረድፍ ተደርድረዋል፤ እርጥብ አፈር እንዳይነካቸው። ምስማሮቹ ጣሳ ውስጥ ናቸው፤ አንድ በአንድ ተቃንተው። የሚያፈርስ ሰው ምስማር አያቃናም። የሚያቃናው መልሶ የሚመታ ሰው ነው።

«ማነው?» አለ ከላይ፤ እያየን።

«እኛ ነን፣ ወንድምዓለም» አልኩ ወደ መሬት።

«እኛ ማነው?»

«ቤተሰብ ነው!» አሉ መሪጌታ። «ስለ እግዚአብሔር ብለህ ውረድ።»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«ስለ እመቤታችን ብለህ ውረድ፤ ትናንት ልደታዋ ነበር።»

 አንዲት ምስማር ተነቅላ ጣሪያው ላይ ተንከባለለች። ድንጋዩ አንገቴን መብላት ጀመረ። ጎረቤቶች አጥር ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ጥሩወርቅ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች፤ አንድ ክፉ ቃል ካመለጣት ሁሉም እንደሚያልቅ አወቅሁ። እሷም አውቃለች።

«ስለ አባትህ አጥንት ብለህ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው፤ «አንተን ልንጠይቅ ነው የመጣን። ምን አስቀየመህ?»

መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። እግሩ ዓይኔ ፊት ቆመ፤ የጎማ ጫማው ላይ የቆርቆሮ ዝገት አለ።

«ዘገያችሁ» አለ። «ይኸው ግማሹን አስነሣችሁኝ።»

ከዚያ ለእኔ፣ «ያንን ድንጋይ አውርድ፤ ወገብህን ትታመማለህ።»

አወረድኩ። ጥላ ሥር ተቀመጥን። መሪጌታ ደግመው ጠየቁት። 

«አስቀመጡኝ» አለ አስማማው።

ማናችንም አልገባንም።

«በአባቴ ሙት ዓመት። ደብረ ማርቆስ፣ ድንኳኑ ውስጥ። ገና ስገባ ይቺ እህትህ… ይቺ እህቴ፣ ‘አንተ አረፍ በል፣ ልጆቹ ያስተናግዳሉ’ ብላ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ።»

«ደክሞህ ነበራ!» አለች ጥሩወርቅ። «ከሩቅ መጥተህ! ላሳርፍህ ብዬ!»

«ደከመኝ አልኩሽ? ባባቱ ተዝካር ላይ የበኩር ልጅ በር ላይ ነው የሚቆም። እንግዳ የሚቀበል እሱ ነው። እኔ ግን ከማላውቃቸው የከተማ ሰዎች መሀል ተቀምጬ ‘ብሉ እንጂ አባት’ ስባል ዋልኩ። ያባቴን ስም እየጠራ የሚያለቅስ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ ‘እርስዎ የሟቹ ምን ነዎት?’ አለኝ።»

 የጥሩወርቅ መከላከያ ደግነቷ ነበር፤ የተከሰሰችውም በዚያው በደግነቷ ነው።

እኔ ግን እኔ ነኝና ጠየቅሁ። «ለዚህ ቤት ይፈርሳል?»

«አይፈርስም» አለ አስማማው ወዲያው። «ለዚህማ አይፈርስም። አፈርሳለሁ ስል ትመጣላችሁ ብዬ ነበር። አልመጣችሁም። ደግሜ ላክሁ። አልመጣችሁም። ከዚያ ቀን ቆረጥሁ። ቀን ከቆረጥሁ በኋላማ አገሩ ሁሉ ሰማ፤ ምን ላድርግ?»

«ባንመጣ ኖሮ?»

«አወርደው ነበራ።» ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። «እያለቀስሁም ቢሆን።»

ወደ እኩለ ቀን ሁለት ፖሊሶች መጡ። ያገኙን ቆርቆሮ ስንመልስ ነው። አስማማው ከላይ፣ እኔ መሰላሉ ላይ፣ ጥሩወርቅ ጣሳውን ይዛ ምስማር እያቀበለች።

«ከሳሽ ማነው?» አለ አንደኛው።

«እኔ ነበርኩ» አለች። «ያንን መዶሻ አቀብለኝ።»

ሁሉም አማረ እንዳትሉ። የዚያኑ ዕለት ሳንጨርስ ዝናብ ደረሰብን፤ በስተምሥራቅ ያለው ግድግዳ ረጥቦ ጥጉ ተደረመሰ። አስማማው በበጋ በአዲስ ጭቃ መረገው፤ ቀለሙ እስካሁን አልገጠመም። ጥሩወርቅና እሱም ዛሬም ይነታረካሉ፤ አሁን ግን ፊት ለፊት ነው።

መጣጥፌን ቀደድኩት፤ መቅደድ ስለማልወድ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ያዝኩ። አንድ ሰው አጠፋለሁ ሲል ስሰማ «ለምን?» ብዬ አልጀምርም። «ለማን ነው የሚናገረው?» እላለሁ። ምክንያቱማ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ወንበር ነው። ቤት የሚያፈርሰው ወንበሩ አይደለም፤ ከወንበሩ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ቀን የቆረጠ ሰው ደግሞ ሰው ካልደረሰለት በገዛ ቃሉ ይታሰራል። ቀንዳሙ ዕድለኛ ነው፤ ጨረቃዋ ትጠብቀዋለች። አስማማውን ግን የቆረጠው ቀን አይጠብቀውም ነበር።

ይህን አንብባችሁ ለአጥፊ ሁሉ ሽማግሌ እንድትልኩ አልመክርም። ሌሊት መጥቶ ክብሪት የሚጭር አለ፤ ለእሱ ውኃና ፖሊስ ያስፈልጋል። ስለ እሱ የምጽፈው ነገር የለኝም፤ እሱም መልእክት አልላከብኝም።

ናሆም ጌሙን ጨረሰው። መሪጌታ ሰምተው መጡ።

«ገደልኸው?»

«ገደልኩት፣ የኔታ።»

«ምን አለ?»

«ምንም። አመድ ሆነ።»

«ከተማዋስ?»

«ጨፈሩ።»

መሪጌታ ጃንጥላቸውን አንሥተው ወጡ።

እናንተ ግን ሌላ ቁልፍ አላችሁ። አፈርሳለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አቃጥላለሁ እያለ የሚልክባችሁ ወንድም፣ አጎት፣ ጎረቤት ካለ ታውቁታላችሁ፤ ይህን ስታነቡ ፊቱ መጥቶባችኋል። ስልክ አትደውሉለት። ይህን ጽሑፍም አትላኩለት። ጫማችሁን አድርጉና ሂዱ።